ዋስ ከመጥራትሽ በፊት

ውድ የምክር ዓምድ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ነው። 34 ዓመቴ ነው። በአንድ የከፍተኛ ትምህርት ተቋም የሕብረተሰብ ጤና አስተምራለሁ። ባለቤቴ አራዳ የሞባይል ጥገና ሱቅ አለው። የአምስት ዓመት ወንድ ልጅ አለን።

የማስተርስ ቴሲሴን የሠራሁት በአሸዋ ዝንብ ንክሻ በሚተላለፈው በካላዛር በሽታ ላይ ነው። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች ሲታመሙ ለምን ዘግይተው ወደ ሕክምና እንደሚመጡ ነበር ጥያቄዬ። ከዚያው ሥራ አንድ ጽሑፍ በጆርናል ታትሞልኛል። ከጥቂት ወራት በፊት በዚህ ዘርፍ ለሚሠሩ አንድ የአውስትራሊያ ፕሮፌሰር ኢሜይል ጻፍኩ። ይመልሳሉ ብዬ አልጠበቅሁም፤ መለሱ። «ሥራሽ ከእኛ ጋር ይሄዳል፤ የሁለት ገጽ ፕሮፖዛል ላኪልኝ። ከተስማማን በሚቀጥለው ዙር በዩኒቨርሲቲያችን በኩል ለመንግሥት የምርምር ስኮላርሺፕ ታመለክቻለሽ» አሉኝ። ኢሜይሉን ደጋግሜ አነበብኩት እንጂ እስካሁን አልመለስኩም።

በዚህ መሃል ዲፓርትመንቴ እዚሁ ጎንደር ፒኤችዲ እንድማር ዕድል ሰጠኝ። ደመወዜ አይቋረጥም። ግን የአገልግሎት ግዴታ ውል መፈረምና ዋስ ማቅረብ አለብኝ። ዋስ ልሁንሽ ያለኝ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ነው። መልስ እንድሰጥ የተሰጠኝ ጊዜ ሦስት ሳምንት ነው። አንዷ ባልደረባዬ «ዝም ብለሽ ፈርሚ፤ የውጩ ከተሳካ ያኔ ትሄጃለሽ፤ ማን ይይዝሻል?» ትለኛለች።

ስለ አውስትራሊያው ለባለቤቴ ምንም አልነገርኩትም። ቡና ላይ «ዶክተር ስትሆኚ እኛንም ትረሺናለሽ» እያለ ይቀልዳል፤ ውስጤ ይረበሻል። እናቴ ደግሞ ገና የመሄድ ወሬ ስትሰማ «እኔን ማን አፈር ያለብሰኛል?» የምትል ሰው ናት። የማስተርስ ውጤቴ 3.5 ነው፤ ለውጭ ይበቃል ወይ ብዬም እፈራለሁ። ስኮላርሺፑ በኤምባሲ ነው የሚባለው እውነት ነው? አንድ ደላላም «ገንዘብ ከከፈልሽ እኔ እጨርስልሻለሁ» ብሎኛል። የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን እንዳልጥል ፈራሁ። ምን ይሻለኛል?

ልቧ ለሁለት የተከፈለባት፣ ከማራኪ

*

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሳነብ ከአውስትራሊያው ይልቅ ዓይኔ ያረፈው ዋስሽ ላይ ነው። ስለዚህ ከእሳቸው ልጀምር።

ባልደረባሽ ክፉ አስባ አይመስለኝም። እንዲህ አድርጎ የሄደ ሰው ስላየች ነው። ግን አንቺ ውሉን አቋርጠሽ ብትሄጂ አንቺን የሚያገኝሽ የለም፤ ተጠያቂው እዚህ የቀረው ሰው ነው። የተከፈለሽ ደመወዝና የትምህርቱ ወጪ ይሰላና ዕዳው የባለቤትሽ ወንድም ላይ ያርፋል። እሳቸውም ልጆች ያሳድጋሉ፣ ዕቁብ ይጥላሉ። ከዚያ በኋላ ፋሲካ ሲመጣ አንድ ማዕድ ላይ እንዴት ትቀመጣላችሁ? ባልሽስ በወንድሙና በአንቺ መሃል ምን ይሁን? የሄዱትን እናያለን፤ የዋሶቻቸውን ወሬ ግን እምብዛም አንሰማም። ስለዚህ ልብሽ አውስትራሊያ እያለ እዚህ ዋስ አታስፈርሚ። በዚህ ጉዳይ ለዘብ ብዬ ልነግርሽ አልችልም፤ በቀረው ግን ብዙ መንገድ አለሽ።

አሁን ወደ አውስትራሊያው። ፕሮፌሰሩ ያሉሽ ስኮላርሺፕ «ሪሰርች ትሬኒንግ ፕሮግራም» የሚባለው ይመስለኛል፤ ተማሪዎቹ በአጭሩ አርቲፒ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2017 ከእሱ በፊት የነበሩትን ስኮላርሺፖች ተክቶ የመጣ ነው። ገንዘቡ የፌዴራል መንግሥታቸው ነው። ግን መንግሥት ለተማሪው በእጁ አይሰጥም፤ በጅምላ ለዩኒቨርሲቲዎቹ ያከፋፍላል። ማን ያግኝ ማን ይቅር የሚለውን የሚወስነው ዩኒቨርሲቲው ነው። ማመልከቻውም፣ የመዝጊያ ቀኑም፣ የነጥብ አሰጣጡም የየዩኒቨርሲቲው ነው። ስለዚህ ኤምባሲ ደጅ መጥናት የለብሽም።

ኤምባሲ የሚለው ወሬ የመጣው አውስትራሊያ አዋርድስ ከሚባለው ሌላ ዕድል ጋር ተምታቶ ይመስለኛል። እሱ በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤታቸው በኩል የሚሰጥ ነው፤ ተማሪው ሲጨርስ ለሁለት ዓመት ከአውስትራሊያ ውጭ እንዲቆይ ያስገድዳል። አርቲፒ ላይ እንዲህ ያለ ግዴታ የለም።

ደላላውን ተይው። ሰውዬው ሊያመጣልሽ የሚችለው ትልቁ ነገር ሱፐርቫይዘር፣ ማለትም የጥናት አማካሪ ነበር፤ እሱን ደግሞ አንቺ ራስሽ በአንድ ኢሜይል አግኝተሻል። ሌላ ሰው የጻፈው ፕሮፖዛል በመጀመሪያው የቪዲዮ ጥሪ ላይ ይጋለጣል። «ይህን የናሙና አወሳሰድ ለምን መረጥሽ?» ሲሉሽ ደላላው አጠገብሽ አይኖርም።

እስኪ ያንን ኢሜይል እንደገና እንየው። ፕሮፌሰሮች ላልፈለጉት ሰው የሚጽፉት መልስ የታወቀ ነው፤ «ስላሰብሽኝ አመሰግናለሁ፣ አሁን ቦታ የለኝም፣ መልካም ዕድል»። አብዛኞቹማ ጭራሽ አይመልሱም። ሁለት ገጽ ላኪልኝ ያለ ሰው ሁለቱን ገጽ ለማንበብ አስቧል ማለት ነው። ስኮላርሺፑን አገኘሽ ማለት ግን አይደለም፤ እሳቸው ብቻቸውን አይወስኑም። በሩን ከፍተው ቆመዋል፤ እስካሁን ያልመለስሽው አንቺ ነሽ። ለምን ይሆን? ፕሮፖዛሉ አቅቶሽ ነው ወይስ «ላክሁት» ካልሽ በኋላ ነገሩ እውነት እንዳይሆን ፈርተሽ?

ስለ ውድድሩ ሳላሳምር ልንገርሽ። ከባድ ነው። ከአርቲፒ ገንዘብ ለውጭ ተማሪዎች የሚደርሰው ድርሻ ትንሽ ነው፤ የሚሻማውም ከመላው ዓለም ነው። ዩኒቨርሲቲዎቹ የሚያዩት ውጤትን፣ የቴሲስን ክብደት፣ የታተመ ጽሑፍንና የሱፐርቫይዘሩን ድጋፍ ነው። 3.5 የሚያሳፍር ውጤት አይደለም። የአንቺ ጉልበት ግን ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ ታትሞ የወጣ ጽሑፍሽና መተማ ድረስ ወርደሽ የሠራሽው ቴሲስ። ስለዚህ ሬጅስትራር ሂጂና ትራንስክሪፕትሽን በደንብ እዪው። ቴሲስሽ ስንት ክሬዲት እንደነበረና «ኤክሰለንት» ይሁን «ቬሪ ጉድ» ምን እንደተሰጠው ተጽፏል? ካልተጻፈ የሚገልጽ ደብዳቤ ጠይቂ። አውስትራሊያ ያለው ገምጋሚ የእኛን አሠራር ስለማያውቅ ያልተጻፈለትን አይገምትም። የወጪ መጋራት ጉዳይሽ ካልተቋጨም አሁኑኑ ጨርሺው። ብዙ ሰው ሁሉ ነገር ተሟልቶለት ኦፊሻል ትራንስክሪፕት አልወጣ ብሎት ነው ቀኑ የሚያልፍበት።

እንግሊዝኛውን በተመለከተ ብዙዎቹ አይኢኤልቲኤስ በሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና 6.5 ይጠይቃሉ። በእንግሊዝኛ የተማረን ሰው ከፈተና ነፃ የሚያደርጉም አሉ፤ ለፈተናው ገንዘብ ከመክፈልሽና አዲስ አበባ ድረስ ከመሄድሽ በፊት የፕሮፌሰሩ ዩኒቨርሲቲ ምን እንደሚል ጠይቂ።

ገንዘቡ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከባለቤትሽ ጋር ስትነጋገሩ የሚነሳው እሱ ነውና። አርቲፒ የትምህርት ክፍያውን ይሸፍናል፣ ለኑሮ ደግሞ አበል ይሰጣል። ለሙሉ ጊዜ ተማሪ ዝቅተኛው አበል እ.ኤ.አ. በ2025 በዓመት 33,511 የአውስትራሊያ ዶላር ነበር። በየሁለት ሳምንቱ ሲከፋፈል ወደ 1,290 ዶላር ይመጣል። ለፒኤችዲ ከሦስት እስከ አራት ዓመት ይሰጣል። በብር ስታሰይው ያስደነግጣል፤ አታስይው። እዚያ የሚከፈለው የቤት ኪራይ በዶላር ነው። ለአንድ ሰው ቆጠብ ተብሎ ይኖርበታል። ለሦስት ሰው ግን ብቻውን አይበቃም፤ ይህን ከአሁኑ እወቂው።

ቪዛው ላይም ቤተሰብ ካለ ተጨማሪ ገንዘብ ማሳየት ይጠየቃል። እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2024 ጀምሮ ለአንድ ዓመት ኑሮ የሚታየው ለተማሪው 29,710፣ ለትዳር ጓደኛ 10,394፣ ለልጅ 4,449 ዶላር ነው። የአንቺን ድርሻ አበሉ ይሸፍነዋል። የሁለቱ ግን ወደ 15 ሺህ ዶላር ገደማ ነው፤ የልጅሽ የትምህርት ቤት ወጪ ከዚያ በላይ ይታሰባል። የልጁ የትምህርት ክፍያ እንደየግዛቱ ይለያያል፤ ለፒኤችዲ ተማሪ ልጆች የሚቀንሱ ወይም የሚተዉ ስላሉ ጠይቂ። የጤና መድን ለአንቺ ብቻ ነው ወይስ ለቤተሰቡ የሚለውንም እንዲሁ። ለዚህ ነው ብዙ የሐበሻ ተማሪ መጀመሪያ ብቻውን ሄዶ፣ ተደላድሎ፣ ቆይቶ ቤተሰቡን የሚያመጣው።

አንድ መልካም ዜናም አለ። የፒኤችዲ ተማሪ የትዳር ጓደኛ የሰዓት ገደብ ሳይኖርበት መሥራት ይፈቀድለታል። የሞባይል ጥገና ደግሞ ስክሪን በሚሰበርበት አገር ሁሉ እንጀራ ነው! ባለቤትሽ «እኔ እዚያ ሄጄ ምን ልሆን?» ቢልሽ ይህን ይዘሽ ቅረቢ።

አሁን ማንም ሳይነግርሽ የሚቀር የሚመስለኝን ልንገርሽ። ፕሮፖዛልሽ የመተማ የቀን ሠራተኞችን በአካል ማግኘት ይጠይቃል አይደል? የአውስትራሊያ መንግሥት ዜጎቹን ወደ አማራ ክልል እንዳይሄዱ ያስጠነቅቃል። ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ መንግሥታቸው «አትሂዱ» ወዳለበት ቦታ ተማሪ ለመላክ ይቸገራሉ፤ ኢንሹራንሱም እሺ አይልም። አንቺ የአገሩ ልጅ ብትሆኚም በእነሱ ወረቀት ላይ የእነሱ ተማሪ ነሽ። ተቀብለውሽ፣ አገር ለቀሽ፣ በሁለተኛው ዓመት «መስክ መውጣት አይቻልም» ብትባዪ ጥናቱ ይፈርሳል። ስለዚህ በሁለቱ ገጽ ውስጥ ሁለት መንገድ አስቀምጪ። አንደኛው በአካል የሚሰበሰብ መረጃ። ሁለተኛው ጎንደር ሆስፒታል ካላዛር ሕክምና ማዕከል ውስጥ ካለው የሕሙማን መዝገብ የሚሠራ። በሽተኛው ትኩሳቱ ከጀመረው ስንት ጊዜ ሆኖት መጣ፣ ከየት መጣ፣ ጣፊያው ምን ያህል አብጦ ነበር፣ በፊት ወባ ነው ተብሎ ታክሞ ነበር ወይ፤ አብዛኛው እዚያ መዝገብ ላይ ሊገኝ ይችላል። መዝገቡን ለመጠቀም የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ መንገዱን ደግሞ ከማንም በላይ አንቺ ታውቂዋለሽ። እንዲህ ብለሽ የጻፍሽ እንደሆነ ፕሮፌሰሩ «ይህቺ ልጅ አስባበታለች» ይላሉ።

እዚህ ላይ ቆም ብለሽ ሌላውንም አስቢው። ካላዛርን ለሚያጠና ሰው ጎንደር ሁለተኛ ምርጫ ነው ያለው ማነው? በሽተኞቹ እዚህ ናቸው። ወደ መተማ የሚያወርደው መንገድ የሚነሳው ከዚህ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲም ራሱ በ1954 እ.ኤ.አ. የጤና ባለሙያ ሊያሠለጥን የተቋቋመ ነው። ከሜልቦርን የሚመጣ ተመራማሪ ደጅ የሚጠናው የአንቺን ሰፈር ነው። እዚህ ተምረሽ ከውጭ አንድ ተባባሪ አማካሪ መያዝም ይቻላል፤ ምናልባት እኚሁ ፕሮፌሰር ራሳቸው። ጉድለቱም አለ። አገር ውስጥ ፒኤችዲ የሚማር መምህር ብዙ ጊዜ ክፍል መግባቱ አይቀርለትም፤ ፈተና ያርማል፣ ኮሚቴ ውስጥ ይገባል፣ ማታ ልጅ ይዞ ያነብባል። ሦስት ዓመት የተባለው አምስት ይሆናል። ውጭ ያለው ትልቁ ስጦታ ከዶላሩ ይልቅ ጊዜው ይመስለኛል። ለጥናት ብቻ የተሰጠሽ ጊዜ ኖሮሽ ያውቃል?

ባለቤትሽ ጋ ልምጣ። ቀልዱን ጽፈሽልኛል፤ አንቺ የሰማሽው እንደ ወቀሳ ነው። እኔ ግን ካነበብኩት እሱም የሚፈራው ነገር ያለ መሰለኝ። ሰው አፍ አውጥቶ መጠየቅ ሲያቅተው ይቀልዳል። ጉዳዩን ከሌላ ሰው ቢሰማ፣ ለምሳሌ ከዋሱ ወንድሙ፣ ያን ጊዜ የሚያመው መሄድሽ ሳይሆን መደበቅሽ ይሆናል። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የምትፈሪው እንቢ እንዳይልሽ ነው ወይስ እሺ እንዳይልሽ? እሺ ካለሽ ሰበብ አይኖርሽም፤ ውሳኔው የራስሽ ይሆናል። ለእኔ አትመልሺልኝ፤ ለራስሽ ግን መልሺ።

ስትነግሪው «ልሄድ ነው» ብለሽ አትጀምሪ፤ እውነትም አይደለም። ልጁ ከተኛ በኋላ ኢሜይሉን ክፈቺና አሳዪው፤ ለምን እንደደበቅሽውም አብረሽ ንገሪው። ከዚያ ዝም በዪ፤ እሱ ይናገር። ቢቆጣም በዚያው ምሽት አትጨርሱት። እናትሽን ግን ለጊዜው ተያቸው። ገና ያልተቀበሉሽን ነገር ነግረሽ ከአሁኑ ለቅሶ አታስጀምሪያቸው። ቁርጡ ሲታወቅ እህት ወንድሞችሽን ይዘሽ ማን አጠገባቸው እንደሚሆን በዝርዝር ትነጋገራላችሁ። «ማን አፈር ያለብሰኛል» የሚሉት ብቻቸውን እንዳይቀሩ ፈርተው ነውና በስም «እገሌ አለች፣ እገሌ አለ» ሲባሉ ይረጋጋሉ።

ሦስቱን ሳምንት እንዴት ትጠቀሚባቸዋለሽ? በዚህ ሳምንት ባለቤትሽን አነጋግሪ። ለፕሮፌሰሩም አጭር ኢሜይል ላኪ። ስለዘገየሽ አንድ ዓረፍተ ነገር ይቅርታ ይበቃል፤ ሕይወትሽን አትተርኪላቸው። ፕሮፖዛሉ በዚህ ቀን ይደርስዎታል በዪና ቀን ቁረጪ። ሦስት ነገር ጠይቂያቸው፤ ለውጭ ተማሪዎች የሚቀጥለው ዙር መቼ እንደሚዘጋ፣ መስክ መውጣት ባይቻል በሆስፒታል መዝገብ መሥራት ይስማማቸው እንደሆነ፣ ከእሳቸው ጋር የሚሠሩ ሌሎች የውጭ ተማሪዎችን ማነጋገር ትችዪ እንደሆነ። የመጨረሻውን አትዝለይው። ስለ ሱፐርቫይዘር እውነቱን የሚነግርሽ ተማሪው ነው።

ከዚያ የውሉን ኮፒ ከዲፓርትመንትሽ ወስደሽ ቁጭ ብለሽ አንብቢ። ስንት ዓመት ታገለግያለሽ? አቋርጦ የሄደ ምን ይከፍላል? ዋሱ እስከ ስንት ብር ተጠያቂ ነው? ቋንቋው ካስቸገረሽ የሕግ ሰው አስነብቢ፤ ጎንደር ውስጥ የሕግ ሰው አይጠፋም። ቀጥሎ ኃላፊሽን በጽሑፍ ጠይቂ፦ ይህ ዕድል ለሚቀጥለው ዓመት ሊተላለፍልኝ ይችላል? ምክንያቱን ሁሉ መዘርዘር የለብሽም፤ «የቤተሰብ ጉዳይ እየመከርን ነው» ብትዪ ውሸት አይሆንም።

«ይተላለፋል» ካሉሽ ተገላገልሽ፤ አንዱን ዙር በሙሉ ልብሽ ትሞክሪያለሽ። «አሁን ወይም መቼም» ካሉሽ ግን መምረጥ ይመጣል። ያን ጊዜ እንዲህ ብለሽ አስቢ፤ ያ ኢሜይል ባይመጣ ኖሮ የጎንደሩን በደስታ ትፈርሚ ነበር? አዎ ከሆነ መልስሽ፣ ፈርሚና ለፕሮፌሰሩ እውነቱን ጻፊላቸው፤ በተባባሪ አማካሪነት ጠይቂያቸው፤ ለእነዚህ ዓመታት ደግሞ አውስትራሊያን ከልብሽ አውጪ። መልስሽ አይደለም ከሆነ የጎንደሩን ወንበር ለሌላ ሰው ልቀቂ። አርቲፒው ባይሳካ እንኳ መምህርነትሽ እንዳለ ነው፤ ሜዳ ላይ አትወድቂም። በዓመት ከአንድ በላይ ዙር የሚከፍቱ ዩኒቨርሲቲዎችም ስላሉ በድጋሚ ማመልከት ይቻላል።

ለባለቤትሽ ወንድምም፣ በየትኛውም መንገድ ብትሄጂ፣ ከባለቤትሽ ቀጥሎ በራስሽ አፍ ንገሪያቸው። ዋስ ልሁንሽ ማለት ቀላል ቃል አይደለም። ፕሮፖዛሉን ደግሞ ሳትልኪ በፊት ካላዛርን ለማያውቅ አንድ ባልደረባሽ አስነብቢው፤ የስኮላርሺፕ ኮሚቴው ውስጥ ከሚቀመጡት ብዙዎቹም ስለ በሽታው የሚያውቁት ከእሱ አይበልጥምና።